አክስቴን ያለፈቃዷ ተዋናይት ላደረጉት የቴሌቪዥን ሐያሲ

ለተከበሩ የዓርብ ጋዜጣ የቴሌቪዥን ሐያሲ
ሶፋቸው ባለበት

ጉዳዩ፦ አንዲት መስመር ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ እንዴት ይዞልዎታል? ስለ ዓይንዎ ግን ደፍሬ አልጠይቅም፤ ከዚህ በታች ያሉት መስመሮች ሁሉ በእሱ ጉዳይ የገባኝ ጭንቀት መግለጫ ናቸው። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ሪሞቱ በጠፋ ቁጥር ከትራስ ሥር ፈልጎ የሚያቀብልዎት ሰው ሁሉ ደህና ይሁኑልን። እኛ ለጤናችን ተመስገን ደህና ነን፤ ትንሽ ያመመን ስማችንን ብቻ ነው።

እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ለእርስዎ ዓይነት ትልቅ ሰው መጻፌ ድፍረት እንደሆነ እናቴ ነግራኛለች። አባቴ ደግሞ «ሐያሲ የሚተች ልጅ ከእኔ ቤት ይውጣ!» ብሎ እራቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መብላት ጀምሯል። ሐያሲ ለመሆን ዕድሜዬ እንዳልደረሰ እኔም አውቃለሁ፤ ገና የማወራውን ነገር አይቼ ነው የማወራው። እንደ እርስዎ ሳላይ ለማወቅ ብዙ መማር ይቀረኛል።

የደብዳቤዬን ጉዳይ ከመዘርዘሬ በፊት በቤታችን ያለዎትን ክብር ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ማኅተም ያላረፈበትን ነገር የማያምን ሰው ነው። ዓርብ ጠዋት የእርስዎን ዓምድ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ እኛን ደርድሮ ያነብልናል፤ ካነበበም በኋላ በመቀስ ቆርጦ የማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፈዋል። ዓምድዎ ስለበዛ የማቀዝቀዣው መያዣ አሁን አይታይም፤ ወተት የምንፈልገው ከእርስዎ አንቀጾች መሃል በእጃችን እየዳሰስን ነው። አንድ ጊዜ አባቴ በአንድ አስቂኝ ድራማ ሆዱን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። በማግስቱ እርስዎ «የማያስቅ» ብለው ጻፉ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትናንት ማታ ተሳስቼ ነው የሳቅኩት» አለን። እንግዲህ የሰውን ሳቅ ከሆዱ ገብተው መልሰው የሚወስዱ ሰው ነዎትና፣ የሌላውን ሰው እንባ መውሰድዎ ሊገርመኝ አይገባም ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። አንባቢም እንዳይደናገር ከሥሩ ልጀምር፤ መደናገሩን ለእርስዎ ትተነዋል።

ሐሙስ ማታ ሁለት ዝግጅቶች ተከታትለው ይቀርባሉ። መጀመሪያ የሚመጣው «ሦስተኛው ፎቅ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ነው። ደራሲ ጽፎት ተዋንያን የሚጫወቱት፣ ሚስቱ የሞተችበት አባት ሦስት ልጆቹን ሲያሳድግ የሚያሳይ የፈጠራ ታሪክ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ክር ያላችሁ ኑ» የተባለው ሪያሊቲ ሾው ነው። በእሱ ደግሞ እውነተኛ ልብስ ሰፊዎች በእውነተኛ መቀስ ይወዳደራሉ፤ በየሳምንቱም አንድ ሰው ይሰናበታል። አክስቴ፣ ማለትም የእናቴ ታናሽ እህት፣ በፊተኛው ክፍላችን የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የሰፈሩን ሱሪ የምታሳጥረው፣ በዚህ ውድድር ተመርጣ ገብታ ነበር። ገብታም እስከ መጨረሻዎቹ ጥቂት ሰዎች ደርሳለች።

ጉዳዩ በደረሰበት ሐሙስ ግን የእግር ኳሱ ጨዋታ ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄደና ጣቢያው ዝግጅቶቹን አቀያየራቸው። ውድድሩ መጀመሪያ፣ ድራማው በኋላ ሆነ። ይህንንም ከስክሪኑ ግርጌ እየሮጠ በሚያልፍ ጽሑፍ ደጋግሞ አሳወቀ። አንደኛ ክፍል ያለችው የጎረቤታችን ልጅ ሳትቀር ፊደል እየቆጠረች «ቅ-ደም ተ-ከ-ተል» ብላ አንብባዋለች። እርስዎ ግን ትልቅ ሰው ስለሆኑ ግርጌ አይመለከቱም።

ስለዚህ ቅሬታዎቼ እንደሚከተለው በቁጥር ይቀርባሉ።

አንደኛ። ክቡርነትዎ ውድድሩን ድራማ፣ ድራማውን ውድድር አድርገው አዩት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ሁሉ ሊደርስ ይችላል እንዳልል ለማንም ሲደርስ አላየሁም። ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ሲተቹት በኖሩት ድራማ ውስጥ አንድም የሚያውቁት ፊት ሲያጡ ቆም ብለው ያስባሉ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን «የድሮዎቹ ገጸ ባሕርያት ድንገት ደብዛቸው ጠፍቷል፤ የት እንደገቡ ደራሲው ሊነግረን አልፈቀደም፤ ይህ ለተመልካች ያለውን ንቀት ያሳያል» ብለው ጻፉ። የውድድሩን ዳኛ «ያለ በቂ ምክንያት የሚጨክን፣ ውስጣዊ ሕይወት የሌለው፣ በደንብ ያልተጻፈ ክፉ ገጸ ባሕርይ» አሏቸው። ዳኛው ሰውዬ ሰው ናቸው፤ ሚስትና የሪህ ሕመም አላቸው። በመሃል የገባውን የሳሙና ማስታወቂያ ደግሞ «በዚህ ጨለማ ታሪክ ውስጥ የተስፋ ጭላንጭል የምታሳየን፣ ነጭ አንሶላ የምታሰጣዋ ሴት የሕልም ትዕይንት» ብለው አደነቁት። አባቴም ይህን ካነበበ ወዲህ ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁን ይጨምራል፤ «ዝም በሉ፣ ሕልሙ መጣ!» ይለናል።

ስለ ውድድሩ ነው ብለው ስለ ድራማው የጻፉት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ እሱን በሦስተኛው ቁጥር እመጣበታለሁ። እዚህ ላይ «ውድድሩ በመጨረሻ መወዳደሩን ትቶ ወደ እውነተኛ ሕይወት ማደጉ የሚያስመሰግን ነው» ማለትዎን ብቻ አስታውሼ ልለፍ። አንድም መርፌ ባልታየበት የስፌት ውድድር አንጀትዎ መራሱ ለዘመናት የሚነገር ነው።

ሁለተኛ። ይህኛው ረዘም ይላልና ወንበርዎን ያመቻቹ።

በዚያ ሐሙስ ተወዳዳሪዎቹ የታዘዙት ካፖርት እንዲሰፉ ነበር። ሥራው ሲጋመስ የአክስቴ መቀስ ብሎኑ ወልቆ ሁለት ቦታ ሆነ። አጠገቧ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች «አባ ዝምታ» የሚሏቸው አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ውድድሩ ከተጀመረ ጀምሮ ሲናገሩ የሰማቸው ያለ አይመስለኝም። እኚህ ሰው አንድ ቃል ሳይወጣቸው የራሳቸውን መቀስ አንስተው እጇ ላይ አኖሩላት። እሳቸው ጨርቁን በጥርሳቸው እየጀመሩ በእጃቸው ቀደዱት። ገበሩ ተጣመመ፣ ኮሌታው ወደ ጎን አየ፤ ዳኛውም አሰናበቷቸው። አክስቴ እየሮጠች መቀሱን ልትመልስ ብትዘረጋላቸው «ያዢው ልጄ፣ ገና ትሠሪበታለሽ» አሏት። አለቀሰች። እኛም እዚህ ቤት ሁላችንም አለቀስን፤ አባቴ ጉንፋን ነው ብሏል።

ዓርብ ጠዋት የእርስዎ ዓምድ ገባ። አባቴ እንደ ልማዱ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አነበበ፦ «ለመቀስ የሚያለቅስ ሰው በየትኛው ዓለም ነው ያለው? ተዋናይቷ እንባዋን ከየት እንዳመጣችው እናውቃለን፤ ለምን እንዳመጣችው ግን ድርሰቱ አይነግረንም። መርፌ አያያዟም አያሳምንም። ይህችን ልጅ ልብስ ሰፊ ናት ብሎ የሚያምን ካለ ልብሱን ራሱ ይስፋ!»

አክስቴ መርፌ ቁልፎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ከስፌት መኪናው ቀና አለች። ክቡር ሆይ፣ አባቴ ለስንት ሳምንት ቀረጻ ቦታ ስትሄድና ስትመጣ ያየ፣ ማታ ማታ የደከመ እግሯን ሞቅ ባለ ውሃ ስትዘፈዝፍ አጠገቧ ተቀምጦ ዜና የሰማ ሰው ነው። ይኸው ሰው ጋዜጣውን አጥፎ፣ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ፣ «አንቺ ልጅ፣ ተዋናይት መሆንሽን ለምን ደበቅሽን?» አላት።

አክስቴ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና «ጋሼ፣ አሁን የለበስከውን ሱሪ ማን ሰፋልህ?» አለችው።

አባቴ ወደ ሱሪው ተመለከተ። ኪሱን ዳሰሰ። ጠርዙን ገልብጦ አየ። «እሱማ አንቺ ነሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ግን ለሚናሽ እየተለማመድሽ መስሎኝ ነበር»።

እናቴም «‹ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ› ይባላል፤ አንተ ግን የቀበርክም የነበርክም ሆነህ ሳለ፣ ሌላ ሰው እንዲያረዳህ ዓርብን ትጠብቃለህ» ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ በቤታችን ቢያበቃ ደግ ነበር። በዚያው ሳምንት ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ጎረቤት ልብሱን አገላብጣ አይታ ካደነቀች በኋላ፣ ከመጋረጃው ኋላ አንገቷን አስግጋ «እውነተኛዋ ሰፊ የት ናት? ላመስግናት ብዬ ነው» አለች። ሌላዋ ደግሞ ልጇን ይዛ መጥታ አክስቴን «እስቲ ትንሽ አልቅሽላት፣ ትወድሻለች» ብላ ለመነቻት።

ይህ ሁሉ ግን ከእትዬ ደወል ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። እትዬ ደወል የአክስቴ እጮኛ እናት ናቸው። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ሲሆኑ፣ ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ እስካሁን ድረስ እሳቸው ሲናገሩ ሰው ሁሉ ወደ ክፍሉ መግባት ያምረዋል። ልጃቸው የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነው፤ ሥራው ሆኖ ብዙ አይናገርም፣ ብቻ ሰውን ከፍ ዝቅ ሳያደርግ ደህና ያደርሳል። አክስቴን የሚወዳት መሆኑን ያወቅነው እኛ ቤት ሊፍት ሳይኖር በየቀኑ በመምጣቱ ነው። የሰርጋቸው ቀን ተቆርጧል። እትዬ ደወል ቴሌቪዥን የላቸውም፤ «ጊዜ ያባክናል» ብለው አውጥተውታል፤ በምትኩ እርስዎን ያነባሉ። ስለዚህ መቀሱንም፣ አዛውንቱንም፣ እንባውንም አላዩም፤ ያዩት የእርስዎን ዓምድ ብቻ ነው።

አንብበው ልጃቸውን ጠሩት። «እማዬ፣ ቀረጻው ቦታ በሞተር ያደረስኳት እኔ ራሴ ነኝ» አላቸው። «ልጄ፣ አንተ የምታውቀው ሊፍት ነው» አሉት። «እሷ ሰፍታልኝ ነው ይህን ቱታ የለበስኩት» አላቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉት። «እንባዋን በትእዛዝ የምታመጣ ሚስት ይዘህ በተጣላችሁ ቁጥር ማን ሊያሸንፍ ነው?» አሉት። እሱም ሞተሩን አስነስቶ ወደ እኛ ቤት መጣ።

ቀጥሎ ሊፈትኗት መጡ። ሶፋችን ላይ ተቀምጠው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የሞተች ድመታቸውን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምረው ተረኩልን። አክስቴ ሆደ ቡቡ ናትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እትዬ ደወል ወደ እናቴ ዘንበል ብለው «አየሽ፣ እንዴት ቶሎ መጣላት!» አሉ። በሌላ ቀን ተመልሰው ከደረጃ ወድቀው እጃቸው የተሰበረበትን ታሪክ ነገሩን። አክስቴ በዚህኛው ጥርሷን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ቻለችው። «ልብ የላትም» አሉ ሲወጡ፤ «ለነገሩ ይህኛው አልተጻፈላትም»። በሦስተኛው ጊዜ ገና ከበሩ ሲገቡ አክስቴ ከጭንቀቷ ብዛት ሳቋ አመለጣት። እትዬ ደወል እሷን ከላይ እስከ ታች አይተው «ቀልድም ትሠሪያለሽ ለካ» ብለው፣ ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ለራሷ የቆረጠችው የሰርግ ቀሚስ በአንድ እጅጌው ቀርቷል። ፊተኛው ክፍል በር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አሁን በፌስታል ጠቅልላ ከአልጋ ሥር አስገብታዋለች። እኔ ክፍሏን ስለምጋራ የፌስታሉን ድምፅ እሰማለሁ፤ ታወጣዋለች፣ ታየዋለች፣ ትመልሰዋለች። ከትናንት ወዲያ ፊቷን ስትታጠብ መስታወቱን እያየች እናቴን «እውነት ግን ሳለቅስ የውሸት ይመስላል?» ብላ ጠየቀቻት። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በሙያዎ ብዙ ነገር ያስለቀሰዎት ሰው ነዎት፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በአንድ ዓምድዎ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሦስተኛ። ስለ «ሦስተኛው ፎቅ» ዋና ተዋናይ። ይህ ሰው ከእኛ ቤት በታች ባለው መንገድ ላይ ከእናቱ ጋር ይኖራል። አላገባም፤ ስለዚህም ሚስቱ አልሞተችም፤ ስለዚህም ሦስት ልጆች አላሳደገም። እርስዎ ግን ድራማውን እውነተኛ ሕይወት አድርገው ስላዩት «ይህን የመሰለ አባት ዝም ብለን እናያለን ወይ? ሐዘኑን በፈገግታ ለመሸፈን የሚያደርገው ጥረት አንጀት ይበላል» ብለው ለሕዝብ ጥሪ አቀረቡ። ሕዝብም ጥሪዎን ሰማ። ፍራሽ መጣ፣ የልጆች ጫማ መጣ፣ «እኔም ባሌ ሞቶብኛል» የሚል ስልክ መጣ። ከሕፃናት ጉዳይ ሁለት ሹማምንት መጥተው ሦስቱን ልጆች ከአልጋ ሥርና ከቁም ሳጥን ውስጥ ፈለጉ። ሰውዬው «ኧረ እኔ ተዋናይ ነኝ!» ቢል፣ አንደኛው ሹም የእርስዎን ዓምድ ከኪሱ አውጥቶ «ሐዘኑን ለመሸፈን የሚያደርገው ጥረት» የሚለውን በጣቱ አሳየው።

ከሁሉ የባሰው የእናቱ ነው። ጎረቤት ጋዜጣውን ሲያነብላቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡና «መቼ አግብተህ ነው የሞተችብህ? ለእኔ ለእናትህ ሳትነግረኝ!» ብለው አለቀሱ። እሱ በመጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ለመነ፣ በመጨረሻ ደከመውና «ይቅርታ እማዬ» አለ። አሁን እናትየው አይተዋት የማያውቋትን ምራታቸውን ደግነት ለመጣው ሁሉ ያወራሉ፤ የልጅ ልጆቼን አምጣልኝ እያሉም ያስጨንቁታል። ሰውዬው ፍራሹን ግን ተቀብሎታል፤ የራሱ ቆርፍዶ ነበር።

እትዬ ደወልም በበኩላቸው አንድ ብርድ ልብስ ይዘው ሊያጽናኑት ሄደዋል። ሲመለሱ ልጃቸውን «እንደዚያ ሰውዬ ማስመሰል ከማያውቅ ሰው ቤት ብታገባ እንዴት ደስ ባለኝ» አሉት። በሙያው አስመሳይ የሆነውን ሰው እውነተኛ፣ በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቀውን ልጅ አስመሳይ አድርገው በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ የሚቻለው ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ለዚህ ችሎታዎ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳልዎት ነበር።

አራተኛ። አራተኛው ቅሬታ ስድብ ስለነበረ እናቴ ሰርዛዋለች። ጥሩ ነበር።

አምስተኛ። ስህተቱን አይቶ ለእርስዎ የጻፈ ሰው አልጠፋም። አክስቴም በራሷ እጅ አጭርና ጨዋ ማስታወሻ ልካለች፤ እኔ ካረቀቅኩላት ውስጥ ጨዋውን ክፍል ብቻ ነው የወሰደችው። እርስዎም በሚቀጥለው ዓርብ መለሱልን፦ «አንዳንድ አንባቢያን ተሳስተሃል ብለውኛል። ሐያሲ አይሳሳትም፤ ይቀድማል እንጂ። በእውነታና በፈጠራ መካከል ያለው ግድግዳ እንደፈረሰ ያሳየሁት ሆን ብዬ ነው።» በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ እርስዎ ግን ገመዱን በጥሰው ሲያበቁ «ይህ የነጻነት ፍልስፍና ነው» ብለው አስተማሩን። እኔ በፈተና ላይ የታሪክን ጥያቄ በሒሳብ ወረቀት ላይ ብመልስና «በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ያለውን ግድግዳ ማፍረሴ ነው» ብል መምህሬ የሚሉኝን አውቃለሁ። «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ነው የሚሉኝ። እርስዎን ግን ወላጅ አምጡ የሚል የለምና፣ የትልቅ ሰው መሆን ጥቅሙ አሁን ገባኝ።

ያ ሁለተኛው ዓምድዎ በወጣበት ቀን እትዬ ደወል የመጨረሻ ቃላቸውን ተናገሩ። ሶፋችን ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው «እኔ ክፉ አይደለሁም» አሉ። «ሰውዬው ተሳስቶ ከሆነ ተሳስቻለሁ ይበል። በጋዜጣው ይውጣ። በጋዜጣ የወጣ ነገር አምናለሁ፤ በጋዜጣ ያልወጣ አላምንም፤ አርባ ዓመት ልጆችን ያስተማርኩት እንዲህ ብዬ ነው። የሰርጉ ጥሪ ወረቀት የሚታተመው በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ካልወጣ፣ አይታተምም።» የሊፍት ባለሙያው ተነስቶ ከአክስቴ አጠገብ ቆመ፤ እጇንም ያዘ። እትዬ ደወል «ተቀመጥ» አሉት። ክቡር ሆይ፣ ያ ሰው ከተወለደ ጀምሮ በዚያ ድምፅ ሲቀመጥ የኖረ ነው። ያን ቀን ግን አልተቀመጠም።

እኔም ወደ ጋዜጣው ቢሮ ደወልኩ። ስልክ የምታነሳው ሴትዮ በጣም ጨዋ ናት። «ሐሙስ ቴሌቪዥን ስለሚያዩ አይገኙም» አለችኝ። «ሌላ ቀንስ?» ስላት «ሌላ ቀን ያዩትን ስለሚጽፉ አይገኙም» አለችኝ። «ያላዩትን የሚጽፉት መቼ ነው?» ስላት ስልኩ ተቋረጠ፤ መስመሩ መጥፎ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎት እኔው አርቅቄልዎታለሁ፦ «ባለፈው ተሳስቼ ነበር። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። ያለቀሰችውም ስላዘነች ነው።» ይኸው ነው። ለሳሙናዋ ሴት ከሰጡት ቦታ ሩቡን አይወስድም። ፍልስፍና ከፈለጉ ከሥሩ ይጨምሩበት፤ አናነበውም።

ደብዳቤዬን ከመቋጨቴ በፊት ምስጋና ማቅረብ ይገባኛል። አባቴን ዓይኑን ከማመን ስላሳረፉት እናመሰግናለን። ለጎረቤታችን ፍራሽ እናመሰግናለን። ምንም ሳታደርግ ምራት ለሆነችውና ምንም ሳትሆን ለሞተችው ሴት መታሰቢያም እናመሰግናለን። ከሁሉ በላይ ግን እኔን በግሌ አስተምረውኛል። ትልልቅ ሰዎች «ዓይንሽ ያየውን ተናገሪ» ሲሉኝ፣ «ዓርብ እስኪደርስ ጠብቂ» የሚለውን ክፍል ለምን እንደሚያስቀሩት ተረድቻለሁ።

ሪሞትዎ ከእጅዎ አይጥፋ፣ ግርጌው የሚሮጠው ጽሑፍ ቀስ ይበልልዎ፣ ሶፋዎ አይጎድጉድ እያልኩ፣ በዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ዓይኔን ግን ቀና አድርጌ የምሰናበትዎ፣

የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ
(ተዋናይት ያልሆነች፣ እስከ መጪው ዓርብ ድረስ)

ግልባጭ፦
ለአባቴ፣ የማቀዝቀዣው በር ላይ ቦታ ከተገኘ
ለሕፃናት ጉዳይ ሹማምንት፣ ፍለጋው እንዲቆም
ለሳሙናዋ ሴት፣ ለእንኳን ደስ አለሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአንባቢያን ገጽ አዘጋጁ ይህን ደብዳቤ ሳይቆርጡ ሊያወጡት ተስማምተዋል፤ እሳቸውም የእርስዎን ዓምድ ያነባሉ፣ ዝርዝሩን ለራሳቸው ልተወው። እንግዲህ እትዬ ደወል አሁን ይህን መስመር እያነበቡ ነው ማለት ነው። እንደምን አደሩ፣ እትዬ? የቴሌቪዥን ሐያሲው በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤትዎ ድረስ መጥተው፣ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው፣ በራሳቸው አፍ «ተሳስቻለሁ» ሊሉዎት ቃል ገብተዋል። ይኸው በጋዜጣ ወጣ። ክቡር ሐያሲ፣ ይህን ቃል መግባትዎን የማያስታውሱ ከሆነ ምንም ችግር የለውም፤ በሚቀጥለው ዓርብ «ጋዜጣችን ስለ ሰው ያልሆነውን ነገር ያወጣል» ብለው በዓምድዎ ላይ ያስተባብሉ። ለእኛ ከሁለቱ የትኛውም ይበቃናል። አክስቴ ቀሚሱን ከፌስታሉ አውጥታ ሁለተኛውን እጅጌ ጀምራለች።